ዳገት የማያፈጥነው ልብ

መጋቢት 3

ልብ ማንም ሳያዘው ይመታል። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ጭንቅላት ሊያፈጥነው ወይም ሊያዘገየው ይችላል እንጂ አያስመታውም፤ ምቱን የሚያመነጨው ራሱ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የልብን ትምህርት የምጀምረው በዚህ ነበር። ይህን ያልጨበጠ ተማሪ ሌላውን ይሸመድደዋል እንጂ አይገባውም።

ዛሬ ለምን ትዝ አለኝ? ባለቤቴ በለጠች ናት ያስታወሰችኝ። ከቅዳሴ ስንመለስ ከባጃጁ ወርደን በራችን እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ያቺ ትንሽ ዳገት...

«ምነው? እግርህ ነው ልብህ?»

«ጾሙ ነው።»

«እኔስ የማንን ጾም ነው የምጾመው?» ብላ ጥላኝ ገባች።

ጠዋት እንደ ወትሮው ምቴን ለካሁ። ፊቴን ሳልታጠብ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ተቀምጬ፣ ሁለት ጣት አንጓዬ ላይ፣ ሙሉ ደቂቃ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ስንፍና ነው። አርባ ሁለት። እኩል እኩል የሚመታ፣ ደስ የሚል ምት።

ደክሞኛል። ሌላ የሚጻፍ የለም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ዘቢደር ከአዲስ አበባ ደወለች። አራስ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ። ሕፃኗ ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። ጥሩ ሳንባ አላት።

«አባዬ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ድምፅህ...»

«ጾም ነዋ ልጄ።»

ክርስትናው ግንቦት 10 ነው፤ ሰማንያ ቀን ሲሞላት። እኔና በለጠች እንሄዳለን ብያለሁ። ከዚህ ከደባርቅ ጎንደር በሚኒባስ፣ ከዚያ በአውሮፕላን። ሳስበው ይደክመኛል። ስለ አንድ መንገድ ማሰብ እንዲህ የሚያደክመኝ ከመቼ ጀምሮ ነው?

መጋቢት 15

ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ቤቱ ዞረ። ተቀመጥኩ። አለፈ።

መጋቢት 20

ከትዕዛዙ ጋር ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሄድን። ትዕዛዙ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት አርጅቷል። ዛሬም ፊሽካው አፉ ውስጥ ያለ ይመስል ነው የሚናገረው።

«አንተ እንግዳው፣ እንደ ሙሽራ ነው እንዴ የምትራመደው?»

ምቴ አርባ ሁለት መሆኑን ነገርኩት። ቆሞ ጨበጠኝ።

«የሯጭ ልብ ነው ያለህ! ለብሔራዊ ቡድን መሮጥ ሲገባህ ዕድሜህን ጠመኔ ስታቦን ጨረስከው።»

ሳቅን። ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ሁለታችንም ያስተማርነው ነው። ልብ ፓምፕ ነው። የቀኝ ጎኑ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል፤ ሳንባ አየር ያለብሰዋል። የግራ ጎኑ ያንኑ ደም ከሳንባ ተቀብሎ ወደ ሰውነት ሁሉ ይገፋል። ጠንካራ ልብ በአንድ ምት ብዙ ስለሚገፋ ጥቂት ምት ይበቃዋል። ስለዚህ የሯጭ ልብ ቀስ ይላል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ከአምባራስ ደባርቅ በእግሬ እየተመላለስኩ የተማርኩ ሰው ነኝ። ደጋው የሠራው ልብ ነው።

ታዲያ ለምን ይደክመኛል?

ጾሙ ነው።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

በለጠች የዘንባባ ቀለበት ሠርታ ጣቴ ላይ አደረገችልኝ። «እጅህ ቀዘቀዘ» አለች። ቅዳሴውን ተቀምጬ ነው ያስቀደስኩት። ተቀምጬ አስቀድሼ አላውቅም ነበር።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ትናንት ስቅለት ነበር። መጻፍ አልቻልኩም።

ስግደቱን ከሌላው ሰው ጋር ጀመርኩ። ኪርያላይሶን እየተባለ መውደቅ መነሣት። ላቤ ቀዝቃዛ ነበር። ግንባሬ መሬት ነካ... ስነሣ ከዓይኔ ዳርና ዳር ጥቁር ነገር እየገፋ መጣ። ከዚያ ምንም።

ስነቃ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ወይራው ሥር ነኝ። ፊቴ በጸበል ርሷል። የንስሐ አባቴ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ከላዬ ጎንበስ ብለዋል።

«መምህር፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ አባ።»

አንዲት እናት «እኔን! ጾሙ ጎድቷቸው ነው» አለች። ሌላውም ጾሙ ነው አለ። ሁሉም ጾሙ ነው አለ። እኔም አልኩ።

በለጠች ነጠላዬን አራገፈች።

ነገሩን በሥርዓት ልየው። መላ ምት፦ ድካሙ ከጾሙ ነው። እውነት ከሆነ ጾሙ ሲፈታ ድካሙ መልቀቅ አለበት። ለአንድ ሳምንት ያህል ጥሩ እየበሉ ማየት። ያልለቀቀ እንደሆነ መላ ምቱ ይጣላል። ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ነበር የማዘው።

በለጠችን ነገርኳት። «አንተ ወድቀህ ፈተና ታወጣለህ» አለችኝ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ጾሙን ሙሉ ዝም ብሎ የከረመው ከበሮ ተመታ። ጸናጽሉም ተመለሰ። ወረቡ ሲደምቅ ጎኔ የቆሙት ሽማግሌዎች ጉልበታቸው ተፍታቶ ሲያሸበሽቡ አየሁ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር።

ዶሮው ጥሩ ነበር። እንቁላሉም። በለጠች እያንዳንዱን ጉርሻ ስትቆጥርብኝ ዋለች።

«እህ? ተሻለህ?»

«ገና መች ተዋሐደኝ።»

ሚያዝያ 17

አልተሻለኝም። ከአልጋ እስከ ግቢው በር ሄጄ አረፍኩ። ምቴ አርባ። ዝቅ ብሏል... ጠንካራ ልብ?

ሚያዝያ 20

ዛሬ የሆነውን በትክክል ልጻፈው።

ትዕዛዙ ጎትቶ አወጣኝ። «ሥጋ በልተህ ተኝተህ ምን ልትሆን ነው? ተነሥ!» ከባሕር ዛፉ አጠገብ ወዳለችው ጉብታ ወጣን። አራት ጊዜ አረፍኩ። እሱ ቀድሞኝ ወጥቶ እያለከለከ አንጓውን ይዞ ቆጠረ። መቶ አሥራ ስምንት። ዕድሜውን እየሰደበ ሳቀ።

«ያንተን እንየው፣ ሯጩ።»

ቆጠርኩ። አርባ።

«ተሳስተሃል።»

«ሙሉ ደቂቃ ነው የቆጠርኩት።»

«እጅህን አምጣ!» ራሱ ቆጠረ፤ ሰዓቱን እያየ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ጨረሰና እንደገና ጀመረ።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለ። «እንግዳው... የሯጭ ልብ ቀስ የሚለው ሲያርፍ ነው። ዳገት ሲወጣማ...»

አልጨረሰውም። መጨረስም አያስፈልግም ነበር።

ሰውነት ሥራ ሲበዛበት ተጨማሪ ደም ይጠይቃል፤ ልብ ሰምቶ ይፈጥናል። የጤነኛ ልብ ምልክቱ መዘግየቱ አይደለም፤ ሲጠየቅ መመለሱ ነው። የኔ ዳገቱን አልሰማም። ተቀምጬም አርባ፣ ወጥቼም አርባ።

እኔስ ይህን እንዴት ሳላይ ቀረሁ? ሁልጊዜ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰዓት፣ ፊቴን ሳልታጠብ። ልኬቱ እንዳይዛባ ብዬ። አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አልለካሁም። ጥንቃቄዬ ራሱ ሸፈነብኝ።

ስንወርድ ትዕዛዙ ክንዴን ይዞ ነው። አንድም ቀልድ አላወጣም። ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሚያዝያ 22

ሆስፒታል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዶክተር ማስተዋል። ወንድሟን አስተምሬው ኖሯል።

«ድካሙ ከመቼ ጀምሮ ነው መምህር?»

«ከጾሙ በፊትም የነበረ ይመስለኛል።»

«‘ይመስለኛል’ ያለ ተማሪ ያስቆሙ ነበር አሉ።» ፈገግ አለች። ልክ ናት። ከጥምቀት ጀምሮ ነው አልኳት።

ደረቴ ላይ፣ እጅና እግሬ ላይ ሽቦ ለጠፉ። ኢሲጂ፤ የልብን ሥራ ወረቀት ላይ የሚስል ማሽን። ረጅም ወረቀት ወጣ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ልየው አልኳት፤ ሰጠችኝ። ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች ሲሠሩ የሚታዩ። ረጃጅም ሹል መስመሮች አሉ፤ የታችኛዎቹ ሲሠሩ። በጤነኛ ሰው ከእያንዳንዱ ጉብታ ኋላ አንድ ሹል ይከተላል። ሁልጊዜ፣ በእኩል ርቀት።

ከጠረጴዛዋ ቁራጭ ወረቀት ለምኜ ጠርዙ ላይ የጉብታዎቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግኩና ገፋ እያደረግኩ ለካሁ። ጉብታዎቹ እኩል እኩል ይሄዳሉ። ሹሎቹንም ለካሁ። እነሱም እኩል እኩል ይሄዳሉ፤ ግን ዘግይተው፣ በራሳቸው። አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

«እኛም እንዲሁ በወረቀት ጠርዝ ነው የምንለካው» አለች። «ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ላይኛው ያዝዛል። ታችኛው አይሰማም።»

«መስመሩ መሀል ላይ ተቋርጧል። የታችኛው ክፍል ዝም እንዳይል ብሎ በራሱ ይመታል። ተጠባባቂ ምት ነው መምህር። ተጠባባቂ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያቆም ይችላል። ስቅለት ዕለት የወደቁት ለዚያ ነው።»

መድኃኒት? የለውም አለች። ፔስሜከር ነው። ከደረት ቆዳ ሥር የምትቀበር ትንሽ መሣሪያ፤ ሽቦዋ ልብ ውስጥ ገብቶ በየጊዜው በኤሌክትሪክ ይነካዋል። አዲስ አበባ ነው የሚገባው።

«ዛሬውኑ ጎንደር ልላክዎትና ከዚያ...»

«ከክርስትናው በኋላ።»

«መቼ ነው?»

«ግንቦት 10።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማሰር አልችልም። ግን አልተስማማሁም፤ ይወቁልኝ።» ዳገት የለም፣ ብቻዎን መሄድ የለም አለችኝ። ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ።

ለምን እንዲህ አልኩ? ዘቢደር አራስ ናት። ቤቷ ጠባብ ነው። ደስታዋን በሽታ ይዤ ልገባበት? አንድ ጊዜ ክርስትናው ይለፍ... ደግሞም ደክሞኛል። ለመታከምም ጉልበት ይጠይቃል።

ሚያዝያ 24

ቄስ ሀብተ ሚካኤል ሊጠይቁኝ መጡ። በለጠች ጠርታቸው ነው፤ አላፈረችም።

«ምንድነው ነገሩ? እኔም እንዲገባኝ አድርገው ያስረዱኝ» አሉ። ማስተማር ነው፤ ትንሽ ነቃ አልኩ።

«ማኅሌት ሲቆም አባ፣ መሪጌታው ይመራል አይደል? በልብ ውስጥም መሪ አለ፤ በቀኙ ላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከስንዴ ቅንጣት ብዙ የማይበልጥ። እሱ ያነሣል፤ ላይኞቹ ክፍሎች ተቀብለው ደሙን ወደ ታች ያወርዳሉ። ከዚያ ድምፁ መሀል ላይ አንዲት አፍታ ያርፋል።»

«ለምን ያርፋል?»

ጥሩ ጥያቄ። ይህን የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው። «ታችኞቹ ሳይሞሉ እንዳይመቱ። ሲሞሉ ድምፁ ወደ እነሱ ይወርዳል፤ በአንድነት ጨምቀው ይገፉታል። በሮቹ ይዘጋሉ፤ ደሙ እንዳይመለስ። ጆሮዎን ደረት ላይ ቢያደርጉ የሚሰሙት እሱን ነው፤ የበሮቹን መዘጋት።»

«የርስዎስ?»

«መሪው ደህና ነው። ያለማቋረጥ ይመራል። ድምፁ ግን ታች አይደርስም። የታቹ ከበሮ መቺ ባዶ እንዳይሆን ብሎ በገመተው ይመታል። ቀስ እያለ።»

«መሣሪያው መሪ ይሆናል ማለት ነው?»

«የድምፁ ተሸካሚ ነው። መሪው የሚለውን ወደ ታች ያደርሳል።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ጾም አይደለም። ሃምሳው ቀን ነው፤ ስግደት እንኳ የለብዎትም። ምን ሰበብ ቀረዎት?»

በለጠች ከበሩ ጋ «ይበሉት አባ!» አለች።

ክርስትናው እስኪያልፍ አልኩ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ዘቢደር ደወለች። «አባዬ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

በለጠች ትይዩዬ ተቀምጣለች። ስልኩን ስዘጋ ጠበቀችኝ።

«ለክርስትናው ሬሳ ይዤ ልሂድ?»

«በለጠች...»

«ልጅቷ ትጠይቅሃለች። ትሰማሃለች። ዝም ያልካት አንተ ነህ።» ተነሥታ ወጣች። እራት በልታ ሰሐኗን ብቻ አጠበች። የኔ እዚያው አለ።

ግንቦት 1፣ ልደታ

ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ ትዕዛዙ ወንበሩን አልጋው አጠገብ አስጠግቶልኛል። አልሄድም ብሎ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል።

የሠፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቀለ። ሁሌ የምመርቀው እኔ ነኝ። ተቀምጠህ መርቅ አለችኝ በለጠች። ምርቃት ተቀምጦ? ቆምኩ። «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን፣ ያመመውን...» አልኩ። እዚህ ላይ ቀረ።

ስነቃ ራሴ በለጠች ጭን ላይ ነው። ንፍሮው ሣሩ ላይ ተበትኗል። አላለቀሰችም። አንጓዬን ይዛ ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች፤ ትዕዛዙ ሰዓት ይዞላታል።

«ዘጠና ስምንት... ዘጠና ዘጠኝ... ፈጥኗል! ትዕዛዙ፣ ፈጥኗል እኮ! መቶ...»

እጇን አየሁት። አውራ ጣቷን ነው ያደረገችው።

«በአውራ ጣት አይቆጠርም» አልኳት።

«ለምን?»

«አውራ ጣት የራሱ ምት አለው። ትንሽ ጠንከር ካለ የሌላውን ይሸፍነዋል።»

«ታዲያ እስካሁን የማንን ነው የቆጠርኩት?»

«የራስሽን።»

አየችኝ። እጄን አልለቀቀችም። የሷ ልብ መቶ እየመታ፣ የኔ እዚያው ሥር እየተጎተተ... አርባም አይመስለኝም። ከመቼ ጀምሮ ነው ለሁለታችንም የምትሮጠው? ድካሙ የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ንፍሮውን የለቀመላት ሰው የለም። ጎረቤቱ ሁሉ እኛን እያየ ቆሞ ነበር።

ግንቦት 2

ሐኪሟ ጠዋት ቤት ድረስ መጣች። ምቴ ሠላሳ አራት። ዛሬ አላፌዘችም፤ እኔም አልተከራከርኩም። ጎንደር ነገ እንድገባ አዘዘች። መንገዱ ክፍት ነው ተብሏል፤ ትዕዛዙ ሚኒባሱን ይዞ ይመጣል። አዲስ አበባ ላለው ሐኪም ራሷ ደውላ ቦታ ጠይቃለች፤ አለ ብለዋታል። እዚያ የሚቀበለኝና የሚያስታምመኝ ሰው ስም ብቻ ቀርቷታል።

ለዘቢደር ልጽፍ ነው። ስልኩ ላይ መጻፍ ስለሚያደክመኝ ረቂቁን እዚህ አደርጋለሁ፤ በለጠች እያነበበች ትልከዋለች።

«ዘቢደር ልጄ፣

መጀመሪያ ይህን ተረጂ፤ ደህና አይደለሁም። በየእሑዱ ደህና ነኝ ያልኩሽ ትክክል አልነበረም። ጾሙም አይደለም።

የልቤ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መስማማት ትተዋል። በመሀል ያለው መስመር ተቋርጧል። ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ አንዱን እናትሽ ጭን ላይ ነው የነቃሁት። ደረቴ ላይ ትንሽ መሣሪያ ቢገባልኝ ይስተካከላል ይላሉ፤ እኔም አምኜበታለሁ። ነገ ጎንደር እገባለሁ፤ ከዚያ ከእናትሽ ጋር ወደ አንቺ። ክርስትናው ሳይደርስ ልንመጣብሽ ነው። አራስ መሆንሽን፣ ቤቱም መጥበቡን አውቃለሁ። አስቤው ነበር፤ ማሰቡ ግን ቀን ከመፍጀት በቀር አልረባኝም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ባልሽ አውሮፕላን ጣቢያ ይቀበለን፤ ስሙንና ስልኩንም ለዶክተር ማስተዋል ላኪላት፤ ቁጥሯን እናትሽ ከዚሁ ጋር ትልክልሻለች። ያንን ካላገኘች ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።

እናትሽ ስልኩን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። እጄን በሁለት ጣት ይዛ መቁጠር ተምራለች፤ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። መልስሽ እስኪመጣ አልለቅህም ብላኛለች። ሕፃኗን አስተኝተሽ ዛሬውኑ መልሺልኝ።

አባትሽ እንግዳው»